ባለቤት የሌለው ጥላ

ከፀሐይ የወጣ ብርሃን ስምንት ደቂቃ ያህል በባዶ ጠፈር ተጉዞ የምድርን አየር ከነካ በኋላ፣ እርሻ ወይም ባሕር ላይ እስኪያርፍ ድረስ በሚቀረው እጅግ አጭር መንገድ ላይ፣ ዓይን ነጥሎ ከማያያቸው ስፍር ቁጥር የሌላቸው ብናኞች ጋር ይገናኛል። በአየር ውስጥ ተንሳፍፈው የሚቆዩት እነዚህ ጠጣር ወይም ፈሳሽ ብናኞች በሳይንሱ ኤሮሶል ይባላሉ፤ ነፋስ ከበረሃ የሚያነሣው አቧራ፣ ማዕበል ወደ አየር የሚረጨው የባሕር ጨው፣ ከማገዶና ከናፍጣ የሚወጣው ጥቀርሻ፣ እንዲሁም ከእሳተ ገሞራና ከድንጋይ ከሰል በሚወጣው የሰልፈር ጋዝ የሚፈጠረው የአሲድ ጠብታ ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ከመካከላቸው ትልልቆቹ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ያህል ሲሆኑ ትንንሾቹ የዚያው ሺኛ ብቻ ናቸው። ክብደታቸው ከአየሩ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም፤ ሆኖም ከብርሃኑ ምን ያህሉ ወደ ጠፈር እንደሚመለስ፣ ምን ያህሉ አየሩን እንደሚያሞቅ፣ ምን ያህሉ መሬት እንደሚደርስ፣ በዚህም የተነሣ ዝናብ የት እንደሚወርድና የት እንደሚቀር በመወሰን ረገድ ያላቸው ድርሻ ከክብደታቸው ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም።

ሰው ስለ በደልና ስለ ኀላፊነት የሚያስብበት ልማድ አብዛኛው የተገነባው በቅርብ በሚታይ ነገር ላይ ነው። ድንበር የገፋ፣ የመስኖ ውኃ የጠለፈ፣ ከብቱን በሰው አዝመራ ላይ የለቀቀ ጎረቤት ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ምስክር ይሰማበታል፣ ካሳ ይቆረጥበታል። በዳይና ተበዳይ በአንድ ሸንጎ ፊት ሊቆሙ የሚችሉት በደሉ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከማሳ ወደ ማሳ ሲሄድ የሚታይ መንገድ ስላለው ነው። በአንድ ክፍለ ዓለም የተነሣ ጭስ በሌላው ክፍለ ዓለም ሊወርድ የነበረን ዝናብ ከመንገዱ ሲያስቀር ግን ጭሱን ያስነሣው ሰው የተጎዳውን አያውቀውም፣ የተጎዳውም ሰው ከሰማይ በቀር የሚከስሰው የለውም። እንዲህ ያለው ጥላ የማን ነው? ጥያቄው የሚመለሰው በስሜት ስላልሆነ መጀመሪያ ብናኙ በብርሃኑ ላይ የሚያደርገውን በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል።

ብናኝና ብርሃን ሲገናኙ ከሁለት ነገሮች አንዱ ወይም ሁለቱም ይሆናሉ። አንደኛው መበተን ነው፤ ብርሃኑ ኃይሉን ሳያጣ አቅጣጫውን ይለውጣል፣ ከፊሉ ወደ ፊት ይቀጥላል፣ ከፊሉ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከፊሉም ወደ መጣበት ጠፈር ይመለሳል። ሁለተኛው መምጠጥ ነው፤ ብርሃኑ በብናኙ ውስጥ ብርሃን መሆኑ ያበቃና ሙቀት ይሆናል። በኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1871 እንዳሳየው፣ ከብርሃን ሞገድ እጅግ የሚያንሱ ቅንጣቶች አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ረጅም ሞገድ ካለው ቀይ ብርሃን ይልቅ አብዝተው ይበትናሉ፤ የአየር ሞለኪውሎችም በዚሁ ሕግ ስለሚሠሩ የጠራ ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ ደግሞ በ1908 መጠናቸው ከብርሃኑ ሞገድ ጋር የሚቀራረብ ክብ ቅንጣቶች ብርሃንን እንዴት እንደሚበትኑና እንደሚመጥጡ የሚያሰላ ሒሳብ አበጀ። ዓይን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ በታች ነው፤ ከሰልፈር ጋዝ የሚፈጠሩት የአሲድ ጠብታዎችም አድገው ወደዚሁ መጠን ስለሚጠጉ ብርሃንን ለመበተን እጅግ የተመቹ ናቸው። በፋብሪካ ከተሞች ላይ የሚንጣለለው፣ የሰማዩን ሰማያዊነት አጥቦ ነጣ የሚያደርገው ጭጋግ የእነርሱ ሥራ ነው።

የሰልፈሩ ጠብታ ከሚያገኘው ብርሃን ምንም ያህል አይመጥጥም ማለት ይቻላል፤ ይበትናል እንጂ ለራሱ አያስቀርም፣ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ምድርና አየር በጠቅላላው ሊያገኙት የነበረው ኃይል ይቀንሳል። ጥቀርሻ ግን ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ ከሚያገኘው ብርሃን አብዛኛውን ይመጥጣል፣ መሬት ሊደርስ የነበረውን ኃይል ከመሬቱ ነጥቆ ለአየሩ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተካሄደው ኢንዶኤክስ የተባለ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከመሪዎቹ መካከል ቪራባድራን ራማናታንና ፖል ክሩትዘን የነበሩበት፣ ከደቡብ እስያ የሚወጣው ቡናማ ጭጋግ በሰሜኑ የውቅያኖሱ ክፍል ላይ እስከ ሦስት ኪሎሜትር ከፍታ ድረስ ተነጥፎ አገኘው። ከጭጋጉ በታች የባሕሩ ገጽ የሚያገኘው የፀሐይ ኃይል ቀንሷል፤ ከቀነሰው ውስጥም ትልቁ ክፍል ወደ ጠፈር አልተመለሰም፣ እዚያው ጭጋጉ ባለበት አየር ውስጥ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። ከላይ ሞቆ ከታች የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ወደ ላይ ለመነሣት እምቢተኛ ይሆናል፣ ከባሕሩም የሚተነው ውኃ ያንሳል፤ ዝናብ የሚሠራው በትነትና በሚነሣ አየር ስለሆነ የጥላው ውጤት ከሙቀት መለኪያው አልፎ እስከ ዝናቡ ይደርሳል።

ሆኖም አንዱን ብናኝ አቀዝቃዥ ሌላውን አሟቂ ብሎ ፈርጆ ማለፍ አይቻልም። ጥቂት ጥቀርሻ የተቀላቀለበት ግራጫ ጭጋግ ጥቁር በሆነው የባሕር ገጽ ላይ ሲያርፍ ባሕሩ ይመጥጠው የነበረውን ብርሃን ወደ ጠፈር ስለሚመልስ ያቀዘቅዛል፤ ያው ጭጋግ፣ ያው ብናኝ፣ በረዶ ወይም ነጭ አሸዋ ወይም የደመና ገጽ ላይ ሲሆን ግን ሊመለስ የነበረውን ብርሃን እየያዘ ያሞቃል። እንግዲህ የማቀዝቀዝና የማሞቅ ጠባይ በብናኙ ውስጥ ተቀምጦ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በብናኙ፣ በብርሃኑና ከሥር ባለው ምድር መካከል የሚወለድ ዝምድና ነው። የአንድ ነገር ባሕርይ በነገሩ ውስጥ ይገኛል ብሎ ለለመደ አእምሮ ይህ ትንሽ የሚያናውጥ ሐሳብ ነው፤ ጉዳት የማያደርስ ጭስ ከተነሣበት አልፎ ሲሄድ ጉዳት ሊሆን ይችላልና፣ ጭሱን በምንጩ ላይ ቆሞ መመርመር ብቻ ስለ ሥራው የተሟላ እውቀት አይሰጥም።

ብናኙ ከደመና ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ የበለጠ ረቂቅ ነው። በምድር አየር ውስጥ የውኃ ተን ብቻውን ተሰብስቦ ጠብታ አይሆንም፤ የሚይዘው ብናኝ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የዝናብ ጠብታ ሲጀመር በአቧራ ወይም በጨው ወይም በአሲድ ቅንጣት ላይ የተገነባ ነው፤ ብናኝ ባይኖር ኖሮ ምድር የምታውቀው ደመና አይኖርም ነበር። ብናኙ ከመጠን ሲበዛ ግን ያው ውኃ ለብዙ ቅንጣቶች ይከፋፈላል፣ ጠብታዎቹ ይበዛሉ፣ እያንዳንዳቸውም ያንሳሉ። የደመና ፊዚክስ ሊቁ ሾን ቱሚ በ1970ዎቹ እንዳስረዳው ብዙ ትንንሽ ጠብታዎች ያሉት ደመና ጥቂት ትልልቅ ጠብታዎች ካሉት ደመና ይልቅ ነጭ ነው፣ ብርሃንንም አብዝቶ ወደ ጠፈር ይመልሳል፤ ትንንሾቹ ጠብታዎች ተጋጭተው አድገው ለመውደቅም ይዘገያሉ። በውቅያኖስ ላይ ከመርከቦች ጭስ በስተኋላ እየተሳለ የሚሄደውና ከሳተላይት የሚታየው ረጅም ነጭ የደመና መስመር የዚህ ማስረጃ ነው። ዝናብ ብናኝን ከአየር አጥቦ የሚያወርድ ዋነኛው መንገድ መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይጠልቃል፤ ያለ ብናኝ የማይወለደው ዝናብ የብናኙ መጨረሻ ነው፣ ብናኙም ሲበዛ መጨረሻውን ያዘገያል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰማይ ሥር ያለ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ የፍልስፍና ጥያቄው ይህን ያህል ባልከበደ ነበር። ጥላው ከተጣለበት ስፍራ ርቆ መሥራቱን በግልጽ የሚያሳየው ግን የሰው እጅ ያልገባበት አንድ አሮጌ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 8 ቀን 1783 በደቡብ አይስላንድ ላኪ በተባለው ስፍራ ምድር 27 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስንጥቅ ተከፍታ ስምንት ወር ሙሉ እሳትና ጋዝ ተፋች። ወደ አየር የወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ 120 ሚሊዮን ቶን ያህል እንደሆነ ይገመታል። በአይስላንድ ሣሩ ተመረዘ፣ ከከብቱ ከግማሽ በላይ አለቀ፣ በተከተለው ረሃብም የአገሩ ሕዝብ አንድ አምስተኛ ያህሉ ሞተ። ጋዙ ወደ አሲድ ጠብታ ተለውጦ በአውሮፓ ላይ ሲነጠፍ በዚያው ዓመት የሙቀት ወራት ማንም ያልለመደው ደረቅ ጭጋግ ሰፈነ። በዚያን ጊዜ በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1784 በጻፈው ሐተታ፣ የፀሐዩ ጨረር በጭጋጉ ከመዳከሙ የተነሣ በማጉያ መስታወት ተሰብስቦ እንኳ ቡናማ ወረቀት ለማቀጣጠል ይቸገር እንደነበር አስፍሯል፤ የጭጋጉም ምንጭ የአይስላንድ እሳተ ገሞራ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሯል።

ፍራንክሊን ሊጠረጥረው ያልቻለው ግን ጥላው እስከ የት እንደሚደርስ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት የዓባይ ሙላት በግብፅ እጅግ አነሰ፣ በሚቀጥለውም ዓመት አልሞላም። በ1783 ግብፅ የገባው ፈረንሳዊው ተጓዥ ቮልኔ ረሃቡን በዓይኑ አይቷል፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ከአገሩ ሕዝብ አንድ ስድስተኛ ያህሉ በሞት ወይም በስደት እንደ ጠፋ ጽፏል። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚነሣው ከኢትዮጵያ ደጋ ሲሆን የክረምቱ ሙላት ከሞላ ጎደል የዚያ ደጋ ዝናብ ነው፤ ስለዚህ የወንዙ ማነስ የሚመሰክረው ከላይ፣ ከጣናና ከጎጃም ጀምሮ፣ ክረምቱ መሳሳቱን ነው። ከላኪ እስከዚህ ደጋ ከ7,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። በ2006 ሉክ ኦማን፣ አለን ሮቦክና ባልደረቦቻቸው በአየር ንብረት ሞዴል እንዳሳዩት፣ የሰልፈሩ ጭጋግ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ የብስ አቀዘቀዘ፣ ክረምት የሚያመጣው እርጥብ ነፋስ የሚነፍሰው የብሱ ከባሕሩ ይልቅ ሲሞቅ ስለሆነም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠበበና የአፍሪካና የእስያ የክረምት ዝናብ ደከመ።

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የእውቀቱ አከፋፈል ነው። የአይስላንድ ገበሬ እሳቱን አየ፤ ፍራንክሊን ጭጋጉን አየ፤ ቮልኔ የጎደለውን ወንዝ አየ፤ ሁሉም ያዩት እውነት ነበር፣ የነገሩን ሙሉ መልክ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ማንም ሰው አላየውም። የአንድ ጥፋት መንስኤ በሕያዋን ልምድ ውስጥ በየትኛውም ስፍራ ሳይገኝ እውነት ሆኖ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። በዓባይ ዳር የተራበው ሰው የረሃቡን ምክንያት ለማወቅ ቢተጋ፣ በዘመኑ የነበረ እውቀት ሁሉ ቢሰጠው እንኳ፣ ሊደርስበት አይችልም ነበር። አለማወቁ ከስንፍና አልመጣም፤ ምክንያቱ የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ስለ ሰፋ ነው። እሳተ ገሞራ ግን አይከሰስም። ላኪ ያስተማረው መንገዱ መኖሩን፣ ከሰሜን የተነሣ የሰልፈር ጥላ የኢትዮጵያን ክረምት ሊነካ መቻሉን ነው፤ ሰው በዚያው መንገድ ላይ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የኃይል ማመንጫዎችና ፋብሪካዎች ያቃጠሉት የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ የሚያወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በፍጥነት አደገ፤ በ1970ዎቹ ዓለም በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ትለቅ ነበር፣ ማለትም በመጠን ከላኪ ጋር የሚቀራረብ ጋዝ በየዓመቱ፣ ያለ እረፍት፣ ለዐሥርተ ዓመታት። በ1952 ለንደንን ያፈነው ጭጋግ ሺዎችን ከገደለ በኋላ ከተሞቹ ጭሳቸውን ለመግታት ተነሡ፤ ከመፍትሔዎቹ አንዱም ጭስ ማውጫውን ማርዘም ሆነ። በካናዳ ሳድበሪ በ1972 ሥራ የጀመረው ጭስ ማውጫ 381 ሜትር ቁመት ነበረው። ረጅም ጭስ ማውጫ በሥሩ ያለውን መንደር ያሳርፋል፣ ጭሱን ግን አያጠፋውም፤ ከሚታወቅ ጎረቤት አንሥቶ ለማይታወቅ ሩቅ ሰው ያስተላልፈዋል። የሩቁ ሰው ጉዳት በውሳኔው ውስጥ ያልተቆጠረው በክፋት አልነበረም፤ መሐንዲሱ የለካው በጭስ ማውጫው ሥር ያለውን አየር ነበረና ቁጥሩ በእርግጥ ተሻሽሏል። የዘመኑ ትልቅ የኀላፊነት ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል፣ ምክንያቱም መልካም ሐሳብና ትክክለኛ ልኬት ተባብረው ጥላውን ከዓይን ማራቅ ችለዋል።

በእነዚሁ ዓመታት በብዙ አገሮች መሬት የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ሲቀንስ ተለካ። በእስራኤል ጄራልድ ስታንሂል፣ በስዊዘርላንድ አትሱሙ ኦሙራ የየዘመኑን መዝገቦች አነጻጽረው ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ የቀጠለውን ይህን መፍዘዝ ሲያመለክቱ ብዙ ሰው ለማመን ጊዜ ወስዶበታል። በዚሁ ዘመን ደግሞ ከሰሃራ በስተደቡብ ከአትላንቲክ እስከ ሱዳን በሚዘረጋው በሳሕል ምድር ዝናቡ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየሳሳ ሄዶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከቀድሞው ከ20 እስከ 40 በመቶ ቀነሰ።

የሳሕል ድርቅ መጀመሪያ የተገኘለት ተከሳሽ እረኛው ነበር። በ1975 ታዋቂው የሜትሮሎጂ ሊቅ ጁል ቻርኒ ያቀረበው ሐሳብ፣ ከብቶች ሣሩን ሲጨርሱት የተራቆተው ነጭ አፈር ብርሃንን ወደ ጠፈር አብዝቶ ስለሚመልስ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይወርዳል፣ ዝናብም ያጥራል የሚል ነበር። ሐሳቡ በፊዚክሱ የተዋጣ ነው፣ የምድር ገጽ ድርቅን ሊያባብስ መቻሉም ዛሬ አይካድም። ሆኖም ከዚህ ንድፈ ሐሳብ ተነሥቶ በየመድረኩ የተስፋፋው ትረካ በረሃውን በፍየሎቹ የጠራው የራሱ የሳሕል ሰው ነው የሚል ሆነ። በ2003 አሌሳንድራ ጃኒኒና ባልደረቦቿ የሳሕል ዝናብ መዋዠቅ ዋናው አስተዳዳሪ የውቅያኖሶች ገጽ ሙቀት መሆኑን አሳዩ፤ የእረኛው ፍየሎች ይህን ያህል ባሕር ሊያሞቁም ሊያቀዘቅዙም አይችሉም። ለሰሚው ጆሮ የሚከብደው የተጎጂው ተከሳሽ መሆን ብቻ አይደለም፤ ክሱ የተመሠረተው ከሥፍራው በሚታየው ነገር፣ በተራቆተው መሬትና በከብቱ ላይ መሆኑ፣ የማይታየው ጥላ ግን በዚያን ጊዜ ለምርመራ እንኳ አለመቅረቡ ነው።

ታዲያ ውቅያኖሶቹ ለምን ተለወጡ? በምድር ወገብ ዙሪያ እንደ መቀነት የተጠመጠመ የዝናብ ቀጠና አለ፤ ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡ ነፋሳት ተገናኝተው የሚነሡበት ይህ ቀጠና በዓመቱ ውስጥ ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል፣ ለኢትዮጵያ ደጋም ሆነ ለሳሕል ክረምት የሚሆነው ወደ ሰሜን በወጣበት ወቅት ነው። ቀጠናው ከሁለቱ የምድር ንፍቀ ክበቦች ወደ ሞቀው የማዘንበል ጠባይ አለው። የሰልፈሩ ጭጋግ የተከማቸው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ስለነበር ሰሜን አትላንቲክ ከደቡቡ ይልቅ ቀዘቀዘ፣ ቀጠናውም ወደ ደቡብ ተገፋ፤ ሊዮን ሮትስቴይንና ኡልሪከ ሎማን በ2002 ባወጡት ጥናት ይህን ሒደት በሞዴል አሳይተዋል፣ ከዚያ ወዲህ የተካሄዱ ሌሎች ጥናቶችም አጠናክረውታል። ውቅያኖሱ በራሱ ተፈጥሮ የሚያሳየው ረጅም መዋዠቅ ምን ያህሉን ድርሻ ይይዛል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ የሰሜኑ ጭስ ከድርቁ መንስኤዎች መካከል መቆጠሩ ግን ጸንቷል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ በጥንቃቄ መነገር አለበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ወሎን፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ትግራይንና ወሎን ጨምሮ ብዙውን የአገሪቱን ክፍል የመታው ረሃብ በዚያው የደረቅ ዘመን ውስጥ የወደቀ ነው፤ የሰሜኑ ኢትዮጵያ ክረምት የሚገዛውም ከሳሕል ጋር በሚጋራው የዝናብ ቀጠና ነው። ሆኖም የኢትዮጵያን ክረምት ከሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው ኤልኒኞም ይገዛዋል፣ ድርቁንም ወደ እልቂት የለወጠው ጦርነቱ፣ የመሬትና የእህል ፖሊሲው፣ የመንግሥታቱ መደበቅና መዘግየት ነው። የሩቁን ጥላ መጥቀስ እነዚህን ከተጠያቂነት ነጻ ለማውጣት ቢውል ታላቅ በደል ይሆናል። ይልቁንም ነገሩ የሚያስገድደው፣ አንድ ጥፋት በሙሉ የሚጠየቁ ቅርብ ባለዕዳዎችም፣ ስማቸው በዝርዝር የማይታወቅ ሩቅ ድርሻ ያላቸውም ሊኖሩት እንደሚችል፣ የአንዱ ድርሻ መኖር የሌላውን እንደማይቀንስ ማሰብን ነው። በፍርድ ቤት የሚታወቀው ኀላፊነት እንደ ርስት እየተከፋፈለ የሚያልቅ ዓይነት ነው፤ የጥላው ኀላፊነት እንዲህ አያልቅም፣ የአሜሪካዋ የማንሃተንና የጀርመኑ የሩር ነዋሪ መብራቱን ሲያበራ የጨመረው ድርሻ ለየብቻ ሲታይ ከምንም የማይቆጠር፣ ተደምሮ ግን ዝናብ የሚገፋ ነው።

ይህን የሚያህል ነገር ለመቀነስ ዓለም የወሰደው እርምጃ ስለ አፍሪካ ተብሎ አልነበረም። በስካንዲኔቪያ ሐይቆች ውስጥ ዓሦች በአሲድ ዝናብ ማለቃቸው ሲታወቅ በ1979 በጄኔቫ ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት ተፈረመ፤ በ1985 የሄልሲንኪው ፕሮቶኮል የተቀበሉት አገሮች ሰልፈራቸውን ቢያንስ በ30 በመቶ እንዲቀንሱ አስገደደ፤ አሜሪካ በ1990 ሕጓን አጠበቀች። የሰሜኑ ሰማይ ጠራ፣ የሳሕል ዝናብም ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ በከፊል አገገመ፣ ለዚህ ማገገም ከተጠቀሱት ምክንያቶችም የሰልፈሩ መቀነስ አንዱ ነው። ለራስ ዓሣ ሲባል የተደረገ መልካም ሥራ ላልታሰበ ሰው ዝናብ መለሰ ማለት ነው። ጉዳቱ ሳይታሰብ እንደ ደረሰ ሁሉ በጎነቱም ሳይታሰብ ደርሷል፤ ሐሳብን የሥነ ምግባር መለኪያ አድርጎ ለሚይዝ ሰው ሁለቱም እኩል ይቸግራሉ።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ጥላው እንደ መጋረጃ ሙቀትን መሸፈኑ ነው። የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ስድስተኛ ሪፖርት እንደገመተው፣ ሰው የጨመራቸው ኤሮሶሎች ከ1750 እስከ 2019 በአማካይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር 1.1 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ከምድር አስቀርተዋል፤ ዓለም ልትሞቅ ከምትችለው ውስጥም 0.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህሉ በእነርሱ ጥላ ተሸፍኖ ቆይቷል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከወጣ በኋላ ሥራው ለዘመናት ይቀጥላል፤ የታችኛው አየር ኤሮሶል ግን በቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ስለዚህ ሰማይ ሲጠራ ሲጋረድ የቆየው ሙቀት ይገለጣል። ከዚህ ተነሥቶ ጭሱን መጠበቅ ይሻላል የሚል መደምደሚያ የሚያመጣ ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከአየር ብክለት ጋር አያይዞ በየዓመቱ የሚቆጥራቸውን 7 ሚሊዮን ያህል ያለዕድሜያቸው የሚሞቱ ሰዎች በሒሳቡ ማስገባት ይኖርበታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በማገዶና በኩበት በሚበስልበት ቤት ውስጥ ጥቀርሻ የሚተነፍሱ እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ጥላው ለምድር የሰጠው ቅዝቃዜ የተከፈለው በእነዚህ ሳንባዎች ነው፣ ሊቀጥል የሚገባውም ልማድ አይደለም። የብናኙ ዕድሜ ማጠር ግን በሌላ በኩል ብርቅ የሆነ ዕድል ይሰጣል፤ ዛሬ ጥቀርሻን የሚተው ትውልድ የሥራውን ፍሬ ራሱ ለማየት ይችላል፣ ካርቦንን በመተው ግን ይህ ዕድል አይገኝም።

እስካሁን የተነገረው ጥላ ሁሉ ባለቤት የሌለው የሆነው ማንም ሆን ብሎ ስላልጣለው ነው። ይህ ሁኔታ ሊለወጥ ይችላል። በጁን 1991 በፊሊፒንስ የፈነዳው ፒናቱቦ ከ15 ሚሊዮን ቶን የማያንስ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ዝናብ ከማይደርስበት ከላይኛው የአየር ንብርብር ከስትራቶስፌር አስገብቶ የዓለምን ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቀንሶት ነበር። ይህን አይቶ ነው የኢንዶኤክሱ ፖል ክሩትዘን በ2006፣ የካርቦን ቅነሳው ካልተሳካ ሰልፈርን በሰው እጅ ወደ ስትራቶስፌር ማስገባት ሊጠና ይገባል ብሎ የጻፈው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አድጓል። ጂም ሄይውድና ባልደረቦቹ ግን በ2013 እንዳመለከቱት፣ ከ1900 እስከ 2010 በሳሕል ከታዩት አራቱ እጅግ ደረቅ ክረምቶች ሦስቱ የተከተሉት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የደረሰ ትልቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነበር፤ በአንዱ ንፍቀ ክበብ ብቻ የሚረጭ ሰልፈር የላኪን መንገድ ሊደግም ይችላል።

የአፍሪካ የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጉባኤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባካሄደው ስብሰባ፣ የፀሐይን ብርሃን የመቀነስ ቴክኖሎጂ ጥቅም ላይ እንዳይውል የሚያደርግ ዓለም አቀፍ የአስተዳደር ሥርዓት እንዲቋቋም ጠይቋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በናይሮቢ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ላይም ስለዚሁ ጉዳይ የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ ስምምነት አጥቶ ተነሥቷል። የሚኒስትሮቹን አቋም የሳይንስ ፍርሃት ብሎ ማለፍ ቀላል ይመስላል፣ ትክክል ግን አይደለም። ሆን ተብሎ የተጣለ ጥላ በስሙ የሚታወቅ ባለቤት ይኖረዋል፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ በአንድ ክረምት ዝናብ ሲቀር ባለቤቱ ድርቅ ከጥንትም ነበር ሊል ይችላል፣ ይህንም በመረጃ ማስተባበል እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ሞዴሉ የብዙ ዓመታትን አማካይ ይናገራል እንጂ የአንዲት ወረዳን የአንድ ዓመት ዝናብ ማን እንደ ወሰደው በስም ጠርቶ ለሸንጎ አያቀርብም። የአዲስ አበባው ውሳኔ ካሳን ከኋላ ከመጠየቅ ይልቅ አስቀድሞ መከልከልን የመረጠው ከዚህ ጋር ሲታይ አግባብ አለው።